ወንዙ ሲበላሽ፣ ሐይቁ ሲሸሽ፦ የአካባቢ ጉዳትን በፎቶ የመሰነድ ሥራ

አረፋ የተኛበት የአቃቂ ወንዝ ፎቶ በየጊዜው በቴሌግራምና በፌስቡክ ይዞራል። ሰው ይቆጣል፣ ያጋራል፣ በሦስተኛው ቀን ይረሳዋል። ያንኑ ፎቶ ይዞ ወደ አካባቢ ጥበቃ ቢሮ የሄደ ሰው ደግሞ «የት ቦታ ነው? በስንት ቀን? ፍሳሹ የማን ነው? ከዚያ በላይስ ውሃው ንጹሕ ነበር?» ሲባል የሚመልሰው ያጣል። ፎቶው እውነት ቢሆንም ማስረጃ ሆኖ ግን አልተነሳም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ማስረጃ ሆኖ ለሚቀርብ ፎቶ ነው። ካሜራ ያለው የዜና ሰውም ሆነ ደህና ስልክ የያዘ የሰፈር ልጅ ሊሠራበት ይችላል። ምሳሌዎቹ ከሁለት ቦታ የተወሰዱ ናቸው። አንደኛው ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአባ ሳሙኤል ግድብና በአዋሽ ወንዝ በኩል ቆቃ ግድብ የሚደርሰው የውሃ መንገድ ነው፤ ሁለተኛው የአብጃታ ሐይቅ ነው። አንዱ ውሃው ያለበት ግን የተበከለ፣ ሌላው ውሃው ራሱ የሸሸ ስለሆነ የአሠራሩን ልዩነት በደንብ ያሳያሉ።

ከካሜራው በፊት

መጀመሪያ ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ በካርታ ላይ በእጃችሁ ሳሉ። ትንሹ አቃቂ የከተማዋን ምዕራብ፣ ትልቁ አቃቂ ምሥራቁን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ፣ ከአዋሽ ወደ ቆቃ ግድብ። የሞጆ ወንዝም በራሱ በኩል የሞጆን ከተማ ፍሳሽ ይዞ ቆቃ ይገባል። ይህን ያላወቀ ሰው ቆቃ ላይ አረንጓዴ ውሃ አይቶ «ቆዳ ፋብሪካ አረንጓዴ አደረገው» ብሎ ይጽፋል። አረንጓዴው በአብዛኛው አልጌ ነው። አልጌውን የሚመግቡት ከከተማ ሽንት ቤት፣ ከእርሻ ማዳበሪያና ከፋብሪካ ፍሳሽ የሚመጡ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ናቸው። የቆዳ ፋብሪካው ክሮሚየም (ቆዳ የሚለፋበት ብረት) ውሃው ውስጥ ቢኖርም በዓይን ላይታይ ይችላል። አንድ ስህተት የያዘ መግለጫ አሥር ትክክለኛ ፎቶዎችን ያስጥላል፤ ተከሳሹ ወገን መጀመሪያ የሚይዘው እሱን ነውና።

ቀጥሎ ወረቀት። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የግምገማ ሪፖርቶች ለሕዝብ ክፍት እንዲሆኑ ያዛል። ስለዚህ ለፕሮጀክቱ የቀረበውን ሪፖርት በጽሑፍ ጠይቁ። ሪፖርቱ ውስጥ «የፍሳሽ ማጣሪያ ገንዳ ይሠራል» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ፣ ፎቶ የምታነሱት ነገር ተለወጠ ማለት ነው፤ ገንዳው አለ ወይስ የለም? ቢኖርስ ይሠራል ወይስ ሣር በቅሎበታል? ቃል ከተገባው ጋር የሚነጻጸር ፎቶ ከአስደንጋጭ ፎቶ ይበልጣል።

ዕቃ

ካሜራው ውድ መሆን የለበትም። ከ35 እስከ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ሌንስ ይበቃል፤ ቦታውን ሳይለጥጥና ሳይጨፈልቅ፣ ዓይን እንደሚያየው አድርጎ ያሳያል። ከዚህ ሌላ ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ) ማጣሪያ፣ ሁለት ሚሞሪ ካርድ፣ ትርፍ ባትሪ፣ 5 ሜትር የሚለካ ሜትር፣ ግራጫ ካርድ (የፎቶን ቀለም ለማመሳከር)፣ ኤ4 ነጭ ወረቀት፣ ሦስት አንድ ዓይነት ባለ 1 ሊትር የሃይላንድ ፕላስቲክ፣ የማይረጥብ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ ያዙ። እስክሪብቶ ሲረጥብ ይፈሳል።

ለራሳችሁ ደግሞ ቦቲ ጫማና እስከ ክርን የሚደርስ የላስቲክ ጓንት ያስፈልጋል። ፍሳሽ መውጫ አጠገብ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ከመጣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ሽታው በድንገት ቢጠፋ «አለፈ» አትበሉ፤ ጋዙ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል። ወዲያው ወደ ነፋሱ መጪ በኩል ራቁ። ብቻ አትሂዱ።

የካሜራው ሰዓት

ይህ የእኛ አገር የተለየ ችግር ስለሆነ ረዘም አድርገን እንናገረው። ካሜራውን በ24 ሰዓት አቆጣጠርና በፈረንጆች ቀን ሙሉት፤ የሰዓት ክልሉን ጂኤምቲ+3 አድርጉ። በአበሻ ሰዓት ከሞላችሁት ጠዋት 2፡10 የተነሳው ፎቶ ፋይሉ ላይ ከሌሊቱ 02፡10 ሆኖ ይቀመጣል። የፎቶው ጥላ የጠዋት ፀሐይ እያሳየ ፋይሉ ሌሊት ሲል፣ «ፎቶው ተነካክቷል» ለሚል ሰው በር ከፈታችሁለት። ቀኑም እንዲሁ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆች ዲሴምበር መጨረሻ ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ሁለቱንም ጻፉ።

ሥራ ስትጀምሩ የመጀመሪያው ፎቶ የስልካችሁ ስክሪን ይሁን፤ ሰዓቱና የጂፒኤስ ቁጥሩ በአንድ ላይ የሚታዩበት። የካሜራው ሰዓት ቢዛባ እንኳ በዚያ ፎቶ ማስተካከል ይቻላል። የስልክ ጂፒኤስ ሜዳ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆሞ ሲነበብ በአብዛኛው ከ5 እስከ 10 ሜትር ባለው ውስጥ ያደርሳል። ቁጥሩን ከነጥብ በኋላ እስከ 5 አሃዝ ጻፉት። ከድሮው ባለ 1፡50,000 የወረቀት ካርታ ላይ ነጥብ የምትወስዱ ከሆነ ተጠንቀቁ፤ ካርታው አዲንዳን በሚባለው የቦታ መለኪያ መነሻ የተሠራ ነው፣ ስልኩ ደግሞ በደብሊውጂኤስ 84። ሳይቀየር ከተጻፈ ነጥቡ ከመቶ ሜትር በላይ ይሸሻል፤ መቶ ሜትር ማለት ደግሞ አንዳንዴ ከአንዱ ፋብሪካ አጥር ወደ ሌላው ፋብሪካ አጥር መሻገር ነው።

ወንዝ ዳር

ፍሳሽን በአንድ ፎቶ መሰነድ አይቻልም። ቢያንስ አራት ቦታ ያስፈልጋል፦ ፍሳሹ ከሚወጣበት ቱቦ በላይ (ወደ ወንዙ መነሻ በኩል) 100 ሜትር፣ ቱቦው አፍ ላይ፣ 100 ሜትር በታች፣ 500 ሜትር በታች። የላይኛው ፎቶ ከሌለ የታችኛው ምንም አይናገርም። በአዲስ አበባ ወንዞች ላይ ደግሞ የላይኛው ውሃ ራሱ ንጹሕ አይደለም፤ ከየቤቱ የተለቀቀ ሽንት ቤት ይዞ ነው የሚመጣው። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። አሳዩት። «ከላይም ቆሻሻ ነበር፣ ከቱቦው በኋላ ግን ይህ ተጨመረበት» የሚል ፎቶ የሚታመን ፎቶ ነው።

በየቦታው ሦስት ዓይነት አንሱ። ሰፊው፣ ወንዙን ከማይንቀሳቀስ ነገር ጋር፣ ለምሳሌ ከድልድይ፣ ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ወይም ከጎልህ ሕንፃ ጋር ያስተሳስራል። መካከለኛው፣ ቱቦውንና የሚገባበትን ውሃ በአንድ ፍሬም ይይዛል። ቅርቡ፣ ሜትሩ ተዘርግቶ የቱቦውን አፍ ስፋት ያሳያል። ያለ መለኪያ የተነሳ ቱቦ የባኞ ቤት ቱቦ ይሁን ሰው የሚያስገባ አይታወቅም።

ቀለም የጉዳዩ ልብ ስለሆነ ካሜራው በራሱ እንዲወስን አትተዉለት። ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) ከአውቶ አውጥታችሁ የቀን ብርሃን ላይ፣ 5,200 ኬልቪን አካባቢ፣ አቁሙት። በየቦታው የመጀመሪያው ፍሬም ግራጫ ካርዱን ያካትት። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከ100 እስከ 400፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ/8፣ ፋይሉ ሮው (ያልተነካካው ጥሬ ፋይል) እና ጄፔግ በአንድ ላይ። ፖላራይዘር የሰማዩን ነጸብራቅ ከውሃው ላይ ስለሚያነሳ የውሃውን የራሱን ቀለም ያወጣል፤ ግን ሰው ቆሞ ከሚያየው በላይ ሊያጠቁረውም ይችላል። ስለዚህ ያለ ማጣሪያም ከነማጣሪያም አንሱ፤ የትኛው የቱ እንደሆነ ጻፉ።

ሦስቱ የሃይላንድ ፕላስቲኮች እዚህ ላይ ይመጣሉ። ወረቀታቸውን ልጣችሁ፣ ከላይ፣ ከቱቦው አፍና ከታች እኩል ቅዱ፣ ነጩ ወረቀት ፊት በጥላ ሥር ደርድሩና በአንድ ፍሬም አንሱ። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣ ፍሳሽ በአንድ ቀን ውስጥ ሊለዋወጥ ይችላል። ፀጉር የሚነቀልበት የኖራና የሰልፋይድ ውሃ ወተትማ ግራጫ ነው፣ ይሸታል፣ አንዳንዴም ፀጉር ይይዛል። በክሮም የማልፋቱ ውሃ ደግሞ ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ይሄዳል። ጠዋት አንዱን፣ ከሰዓት ሌላውን ልታዩ ስለምትችሉ በአንድ ጉብኝት አትደምድሙ። ቢያንስ አራት ጊዜ ተመለሱ፦ በሥራ ቀን ጠዋት፣ ከሰዓት፣ በበዓል ቀን፣ እና የክረምቱ መጀመሪያ ዝናብ በጣለ ማግስት። ገንዳቸውን ለመልቀቅ ዝናብ የሚጠብቁ አሉ፤ ጎርፉ ይሸፍነዋልና።

ሌሊት የሚለቀቅን ፍሳሽ ሌሊት ሄዶ መያዝ አያስፈልግም፤ አደጋም አለው። ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ድረሱና ከቱቦው ሥር ያሉትን ድንጋዮች ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ። ውሃው ከደረሰበት ከፍታ ላይ መስመር ይቀራል። ከመስመሩ በታች ድንጋዩ በስስ ሽፋን ተለብጧል፤ በጥፍር ሲነካ ይላጣል። ከመስመሩ በላይ ያው የተለመደው ጥቁር ድንጋይ ነው። በዚያ መስመር ላይ ሜትሩን አቁማችሁ ያነሳችሁት ፎቶ ሌሊት የሆነውን ይናገራል። ሽፋኑን በጓንት ንኩት እንጂ በባዶ እጅ አይሆንም።

ፎቶ ክሮሚየምን አይለካም። የላቦራቶሪ ውጤት ከፈለጋችሁ ጠርሙሱን ከላቦራቶሪው ተቀበሉ። ለብረት ምርመራ የሚሆነው ናሙና በናይትሪክ አሲድ ይጠበቃል፤ ለኦክስጅን ፍላጎት (ቆሻሻው ሲበሰብስ ከውሃው ለሚፈጀው ኦክስጅን) ምርመራ የሚሆነው ደግሞ 4 ዲግሪ አካባቢ ቀዝቅዞ በፍጥነት መድረስ አለበት። በሃይላንድ የተቀዳው ለዓይን ብቻ ነው፤ ለምርመራ ወስዳችሁ «ውጤት አለን» ብትሉ መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው። የእናንተ ድርሻ ናሙናው ሲቀዳ፣ ሲታሸግና ቁጥር ሲለጠፍበት ደረጃ በደረጃ ማንሳት ነው።

ሐይቅ ዳር

አብጃታ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው። ውሃ የሚያገኘው ከዝዋይ (ደምበል) በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖ በሆራ ቀሎ ወንዝ ነው። ቡልቡላና ዝዋይ ላይ ለመስኖ ሲቀዳ የሚጎድለው አብጃታ ነው፤ በላዩ ላይ ለሶዳ አሽ ማምረቻ ከሐይቁ ራሱ ሲሳብ ኖሯል። ዓሣው ሲጠፋ በአጠገቡ ባለው የሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ጎጆ እየሠራ አብጃታ ድረስ ለምግብ ይመላለስ የነበረው ፔሊካን የተባለው ወፍም ሄደ። ይህን ሁሉ በአንድ «የደረቀ ሐይቅ» ፎቶ መናገር አይቻልም። መፍትሔው ወደ አንድ ቦታ መመላለስ ነው። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ።

የመቆሚያ ነጥባችሁን ስትመርጡ ቅርብ ያለ የማይነቃነቅ ነገር ከሩቅ ተራራ ጋር የሚገጥምበትን ቦታ ፈልጉ። አብጃታ ላይ በእሱና በሻላ መካከል ያለው የፊቄ ተራራ ጥሩ ምልክት ነው። አንድ ትልቅ ድንጋይ ከተራራው ጫፍ ጋር ቀጥ ብሎ እስኪገጥም ወደ ግራና ቀኝ ተንቀሳቀሱ፤ ሲገጥም ቁሙ። ጂፒኤስ 10 ሜትር ሊሳሳት ይችላል፣ የሁለት ምልክት መገጣጠም ግን ወደ አንድ እርምጃ ልዩነት ያቀርባችኋል። ከዚያ የካሜራውን ከፍታ ከመሬት (150 ሴንቲ ሜትር ይሁን)፣ የሌንሱን ሚሊ ሜትር፣ የኮምፓሱን አቅጣጫና ሰዓቱን መዝግቡ። ስትመለሱ የመጀመሪያውን ፎቶ በወረቀት አሳትማችሁ ያዙ፤ ስልክ ስክሪን በፀሐይ አይነበብም። የምትመለሱበት ወርና ሰዓት አንድ ይሁን። የጥርን ፎቶ ከመስከረም ፎቶ ጋር ያነጻጸረ ሰው በጋና ክረምትን እንጂ ጉዳትን አላሳየም።

የሐይቁን ዳር መሸሽ ስትለኩ ልከኛ ሁኑ። አብጃታ ጥልቀት የሌለው፣ ወለሉ ጠፍጣፋ ሐይቅ ነው። መሬቱ በ1,000 ሜትር 1 ሜትር ብቻ የሚያዘቀዝቅ ከሆነ የ10 ሴንቲ ሜትር የውሃ መቀነስ ዳሩን 100 ሜትር ያሸሸዋል። ጠንካራ ነፋስም ውሃውን ወደ አንድ ወገን ይገፋዋል። ስለዚህ ከአንድ ወገን ብቻ ለክታችሁ «ሐይቁ በዚህን ያህል ጠፋ» አትበሉ። ጂፒኤሱን መንገድ መዝጋቢ ላይ አድርጋችሁ የውሃውን ጠርዝ ተከትላችሁ ሂዱ፤ የተጓዛችሁበት መስመር ከፎቶው ጋር ይቀመጣል።

ስትራመዱ ግን እግራችሁን ተመልከቱ። ከሩቅ ነጭ ሜዳ የሚመስለው የጨው ቅርፊት ነው። መጀመሪያ ላይ እንደ ደረቀ እንጀራ ይንኮሻኮሻል፣ ውሃው ሲቃረብ ድምፁ ይጠፋል፣ ከሥሩ ጥቁር ጭቃ ብቅ ይላል፣ ቀጥሎ ጉልበት ድረስ ያስገባል። ድምፁ ሲጠፋ ቁሙ። ዱላ ያዙ፣ ከአካባቢው ሰው ጋር ሂዱ፣ ፍላሚንጎዎቹንም ለፎቶ ብላችሁ አታስነሱ።

ከሰማይ

ድሮን ለማስገባትም ለማብረርም የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር (ኢንሳ) ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ ከሌላችሁ አታውጡት፤ ለአብዛኛው ሥራ አያስፈልግምም። የላንድሳት ሳተላይት ምስሎች ከ1972 በፈረንጆች ጀምሮ አሉ፣ ከ1980ዎቹ ወዲህ ያሉት አንድ ነጥባቸው 30 ሜትር ነው፣ በነፃም ይገኛሉ። በፈረንጆች ከ2015 ወዲህ ደግሞ ሴንቲኔል 2 የተባለው ሳተላይት ባለ 10 ሜትር ምስል በየጥቂት ቀኑ ይሰጣል። የአብጃታን መሸሽ፣ የአባ ሳሙኤልን በእምቦጭ መሸፈን በእነዚህ ማየት ይቻላል። ደመና የሌለበትን የታኅሣሥ ወይም የጥር ምስል ምረጡ፣ ሁሌም ያንኑ ወር። የጎግል ኧርዝ የድሮ ምስሎች ለፍለጋ ጥሩ ናቸው፤ ሲያጎሉት የሚታየው ቀን ግን ከአጠገቡ ካለው ቁራጭ ጋር ላይመሳሰል ስለሚችል ቀኑን ሳታረጋግጡ አትጻፉ።

ጉዳቱ ሁልጊዜ መድረቅ እንዳልሆነም አትርሱ። መተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ ሐይቅ ችግሩ መስፋቱ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ደግሞ ከዓመታት በኋላ ውሃ መልሶ ይዟል፤ የተሰነጠቀ ጭቃውን ፎቶ ዛሬም እንደ ዛሬ አድርገው የሚለጥፉ አሉ።

ሰዎቹ

በአቃቂ ውሃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የሚያለማ ገበሬ የፎቶው ተጠያቂ አይደለም፤ ከታች ያለ ተጎጂ ነው። ፊቱን ከነማሳው ብታወጡት ነገ ጠዋት ገበያ ላይ አትክልቱን የሚገዛው ያጣል፤ ወንዙን የበከለው ግን ሥራውን ይቀጥላል። ካሜራውን ከማውጣታችሁ በፊት ሰላም በሉ፣ ቁጭ በሉ፣ ፎቶው የት እንደሚወጣና ምን ሊያስከትል እንደሚችል በግልጽ ንገሩ። ፊት እንዲታይ ካልፈለጉ እጅ፣ ፓምፕ፣ ቦይ ይበቃል። ሰውየው አፋን ኦሮሞ የሚናገሩ ከሆነ አስተርጓሚ ይዛችሁ ሂዱ፤ የቦታውንም ስም እሳቸው እንደሚጠሩት ጻፉ።

ጊዜ ስትጠይቁ «በስንት ዓመተ ምሕረት?» አትበሉ፤ የሚመጣው ግምት ነው። «እማማ፣ ውሃው መሽተት የጀመረው የመጀመሪያ ልጅዎ ከመወለዱ በፊት ነው በኋላ?»፣ «አባባ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሲሠራ ከብቶቹ እዚህ ይጠጡ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ከታወቀ ዓመቱ ተገኘ። የተናገሩትን መልሳችሁ አንብቡላቸው።

መግለጫውና ፋይሉ

«የተበከለው ወንዝ ሕዝቡን እየፈጀ ነው» የሚለው መግለጫ ምንም አይሸከምም። የሚሸከመው እንዲህ ያለው ነው፦ «ከቱቦው 100 ሜትር በታች፣ ወደ ሰሜን ሲታይ፤ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. (በፈረንጆች 20/01/2025)፣ ጠዋት 2፡10። ነጩ አረፋ ከቱቦው አፍ ጀምሮ ይታያል፤ በዚያው ሰዓት ከቱቦው በላይ አልነበረም (ፎቶ ቁጥር 3)። የአረፋው ምንነት በላቦራቶሪ አልተመረመረም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ አትፍሩ፤ የቀረውን የምታሳምነው እሷ ናት። ያያችሁትንና የሰማችሁትን ለዩ፤ የሰማችሁትን ማን እንዳለ ጻፉ።

ዋናውን ፋይል አትንኩ። ብርሃን ማስተካከልና መጠነኛ መቁረጥ በቅጂ ላይ ይፈቀዳል፤ ቀለም ማጋነን፣ ነገር መጨመርና ማጥፋት በፍጹም። ማታውኑ ሦስት ቅጂ አድርጉ፣ በሁለት የተለያየ ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤታችሁ ውጪ ይቀመጥ። ለእያንዳንዱ ዋና ፋይል የኤስኤችኤ 256 ቁጥር (ከፋይሉ በፕሮግራም የሚሰላ መለያ) አውጥታችሁ አስቀምጡ፤ ፋይሉ በአንድ ነጥብ ቢቀየር ቁጥሩ ይለወጣል። ለአርታኢ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን «ፋይል» በሚለው ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል፣ ሰዓቱና ቦታውም ይፋቃል። ለሕዝብ የሚወጣው ቅጂ ላይ ግን፣ ሊጎዳ የሚችል ሰው ቤት ወይም ማሳ ካለበት፣ የጂፒኤስ ቁጥሩን እናንተው አንሱት።

የት ይደርሳል

ከማሳተማችሁ በፊት ፎቶውን ለፋብሪካው ወይም ለመሥሪያ ቤቱ በደብዳቤ አሳይታችሁ መልስ ጠይቁ፤ ቀን ስጧቸው፣ መልሱንም ሆነ ዝምታውን አብራችሁ አውጡ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብትን ደንግጓል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአንቀጽ 11 ደግሞ ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነካ ማለት ሳያስፈልገው፣ ጉዳት ያደርሳል በሚለው ላይ ለአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ እንዲችል ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ስለዚህ አቤቱታው ገቢ የሆነበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥር ማኅተሙ እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ፤ 30 ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ከዚያ ነው። በ31ኛው ቀን ጠዋት ወደ ቱቦው ተመለሱ፣ በዚያው ሌንስ፣ ከዚያው ድንጋይ ላይ ቆማችሁ።